የከለከልሁት ስልክ

ጡረታ ስወጣ ባልደረቦቼ ቢቸና ላይ ሽኝት አደረጉልኝ። ጋቢ አለበሱኝ። ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ «አቶ ሞላ በሥራ ዘመናቸው ሰው በድለው አያውቁም» ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። እኔም ጎንበስ ብዬ አመሰገንሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ያቺ ንግግር አልዋጥ አለችኝ። ሰው በድያለሁ። በክፋት አይደለም፣ በጉቦም አይደለም። በፊርማና በማኅተም ነው የበደልሁት። በዚያ አዳራሽ የነበሩት አብዛኞቹ ነገሩን አያውቁም፤ የሚያውቁትም ረስተውታል። እኔ ስላልረሳሁት ልጻፈው።

ሥራ የጀመርሁት በዚያችው በቢቸና፣ በነርስነት ነው። ያን ጊዜ የተመደብሁባት ክሊኒክ ሐኪም አልነበራትም። የነበሯት ጋሽ አለኸኝ ናቸው። ጋሽ አለኸኝ በድሮው አጠራር ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ከማጠብ ተነሥተው በልምድና በአጫጭር ሥልጠና ያደጉ። አጭር፣ ቃል የማያበዙ፣ ነጭ ጋዋናቸውን ራሳቸው አጥበው የሚተኩሱ ሰው ነበሩ።

በሽተኛ ሲገባ እጃቸውን ቶሎ አይሰዱም። ያስቀምጡታል፣ እሳቸውም ፊት ለፊቱ ይቀመጣሉ፤ «እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ» ይላሉ። ሰውየው ተናግሮ ሲጨርስ ትንሽ ዝም ይሉና «ሌላስ?» ይላሉ። ይህች «ሌላስ?» ብዙ በሽታ አውጥታለች። አንድ ገበሬ ስለ ሆድ ቁርጠቱ አውርቶ አውርቶ ከጨረሰ በኋላ «ሌላስ?» ቢሉት፣ አፍሮ ይዞት የቆየውን ነገር፣ ሽንቱ ደም ከመሰለ ወር እንዳለፈው ተናገረ። እኔ ብሆን የቁርጠት ክኒን ሰጥቼ እሸኘው ነበር።

ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሲገጥማቸው ቴሌ ቢሮ ሄደው ደብረ ማርቆስ ላለው ሐኪም ይደውላሉ። ዝም ብለው ግን አይሄዱም። መጀመሪያ ብጣሽ ወረቀት ላይ አምስት መስመር ይጽፋሉ። ማን ነው፤ ከመቼ ጀምሮ ነው፤ ምን አየሁ፤ ምን ሰጠሁ፤ ምን ልጠይቅ። «ስልክ ይዞ የሚያስብ ሰው ይረሳል፤ አስበህ ደውል» ይሉኝ ነበር። ሐኪሙ ሲናገር ይጽፋሉ። ሲጨርስ «ልድገመው» ብለው የጻፉትን ያነቡለታል። «አዎ» ሳይላቸው ስልኩን አይዘጉም። ከዚያ ሰዓቱንና የሐኪሙን ስም ያሰፍራሉ። በማግሥቱ ደግሞ በሽተኛው ቢሻለውም ባይሻለውም ተመልሰው ይደውላሉ። ለምን ይህን ያህል እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው «ሐኪሙ ሳያይ ነው የፈረደው፤ ፍርዱ የት እንደ ደረሰ ይወቅ እንጂ» አሉኝ።

አንድ ጊዜ ከመርጡለ ማርያም ወገን አንድ የቅኔ መምህር ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አንገታቸው እንደ እንጨት የደረቀ። ጋሽ አለኸኝ አምስት መስመራቸውን ጽፈው ወደ ቴሌ ቢሮ ወረዱ፤ እኔም ተከተልኋቸው። ሐኪሙ «አንገቱ ወደ ደረቱ ይታጠፋል?» ብሎ ሳይጨርስ «አይታጠፍም፣ ሲሞከር ጉልበታቸው ይሰበሰባል» አሉት። መርፌውን ከነመጠኑ ነገራቸው፣ ደገሙለት፣ «አዎ» አለ። መምህሩ በሳምንታቸው ተቀምጠው አጥሚት ጠጡ። ሊሄዱ ሲሉ ጋሽ አለኸኝን ባርከው «እኔን ያዳነኝ ቃል ነው» አሉ። ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ ዘግይቶ ነው የገባኝ፤ ፈጣሪንም የስልኩን ትእዛዝም ባንድ ቃል ማመስገናቸው ነበር።

እንግዲህ እኔ ያደግሁት በዚህ እጅ ነው። በስልክ የሚታዘዝ መድኃኒት ሰው ሲያድን በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ያደረግሁትን ባለማወቅ አደረገው እንዳይባልልኝ ነው።

ከቢቸና ሞጣ ተዛወርሁ። እዚያ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ትዳርም የያዝሁት እዚያ ነው። ተምሬ ጤና መኮንን ሆንሁ፣ ግንደወይን ጥቂት ጊዜ ሠራሁና የጤና ተቋማትን ወደሚቆጣጠረው ክፍል ተወሰድሁ። ደመወዙ ያው ነው፤ ወረቀቱ ግን በዛ። ሥራዬ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ እየዞሩ መዝገብ ማየት፣ የመድኃኒት መደርደሪያ መፈተሽ፣ ጉድለት ሲገኝ መጻፍ ሆነ። በሽተኛ ከነካሁ ወራት ያልፋሉ። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ እየቆየሁ ግን ወደድሁት። ጥፋት ማግኘት ራሱ ሙያ ነው፤ ሰውም ሲያይህ ይነሣልሃል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ፤ እኔንም እንደዚያ ወሰደኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ የግል መድኃኒት ቤት ባለቤት ለአንዲት እናት የማይገባ መድኃኒት ሰጥቶ ጎዳት። ሲጠየቅ «ሐኪም በስልክ አዝዞኝ ነው» አለ። ሐኪሙ «በጭራሽ አላዘዝሁም» ብሎ ማለ። ወረቀት የለም፣ ምስክር የለም፣ ነገሩ ተድበሰበሰ። አለቃዬ በጣም ተናደደ። «አቶ ሞላ፣ ፊርማ የሌለበት ነገር አልተደረገም ማለት ነው። ይኼ የስልክ ነገር መቆም አለበት» አለኝ። ቁጣው እውነት ነበረው። ሴትዮዋን እኔም አይቻታለሁ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከየጁቤ ወደ ዓባይ በረሃ በሚያወርደው መንገድ ላይ ወዳለ አንድ ጤና ጣቢያ ለቁጥጥር ወረድሁ። ስሙን አልጠራም። እዚያ ሲስተር ይታይሽ የምትባል ነርስ ነበረች። ቀጠን ያለች፣ ረጋ ብላ የምትናገር፣ ክፍሏ ንጹሕ። መዝገቧን ስገልጥ «በስልክ፣ በዶክተር ከድር ትእዛዝ» የሚል ጽሑፍ ደጋግሜ አየሁ።

ዶክተር ከድርን አውቀዋለሁ። ከጅማ አካባቢ የመጣ፣ ቢቸና ሠርቶ ወደ ሞጣ የተዛወረ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው። ከተዛወረ በኋላም ቆላ ያሉት ነርሶች ቁጥሩን ይዘው ቀሩ። ሲጨንቃቸው ይደውሉለታል፣ የቁስል ፎቶ በቴሌግራም ይልኩለታል፤ እሱም ታክቶት አያውቅም።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኋት።

«አንዲት ወላድ ነች። ትንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያውን መርፌ በመመሪያው ሰጠኋትና፣ ሁለተኛውን ለመስጠት ፈራሁ። ዶክተር ከድር በስልክ፣ የመጀመሪያው እንዳልበዛባት ለማየት፣ ጉልበቷን ምቺ አሉኝ፤ እግሯ ተፈናጠረ። ትንፋሿን አስቆጠሩኝ። ከዚያ ስጪ አሉኝ፣ ሰጠኋት። እሷም ልጇም ደኅና ናቸው።»

«ፊርማቸው የት አለ?»

«እሳቸው ሞጣ ናቸው።»

«ሞጣ ያለ ሐኪም እዚህ ማዘዝ ይችላል? ይኼ ጤና ጣቢያ በሽተኛ የሚልከው ወደ ቢቸና አይደለም?»

መዝገቡን ወደኔ አስጠግታ የጻፈችውን በጣቷ አሳየችኝ። ጽሑፏን አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል። ሰዓቱ አለ፣ ያየችው አለ፣ የታዘዘችው ቃል በቃል አለ። የጋሽ አለኸኝ እጅ ይመስል ነበር። እኔ ግን የጎደለውን ፊርማ ብቻ ነው ያየሁት።

ቢሮ ተመልሼ ደብዳቤ ጻፍሁ። ለሷ ማስጠንቀቂያ፣ ለሌሎቹ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ማሳሰቢያ። በስልክ በሚሰጥ የቃል ትእዛዝ መድኃኒት መስጠት ክልክል መሆኑን፣ ይህን ተላልፎ የተገኘ ባለሙያ ከሥራ እስከ መታገድ እንደሚደርስ ጻፍሁ። አለቃዬ አንብቦ «እንደዚህ ነው» ብሎ ፈረመበት። ማሳሰቢያው በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ክረምት ገባ። በዚያ ዓመት በማሽላውና በበቆሎው ላይ ተምች ወርዶ ነበር። ገበሬው ሁሉ በጀርባ የሚታዘል መርጫ እየተዋሰ መርዝ ይረጫል። ልየው የሚባል፣ የሦስት ልጆች አባት የሆነ ገበሬ የተዋሰው መርጫ ያፈስ ነበር። መርዙ ጀርባውን ሲያረጥበው ላብ መስሎት ረፋዱን ሙሉ ሲረጭ ዋለ። እኩለ ቀን ላይ እማሳው ውስጥ ወደቀ። ወንድሙና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው አደረሱት።

ተረኛዋ ሲስተር ይታይሽ ነበረች። ጤና መኮንኑ ለሥልጠና ሄዶ ነበር። የሆነውን ያወቅሁት ከመዝገቡና ከራሷ አፍ ነው፤ ጉዳዩን እንዳጣራ የተላክሁት እኔው ነበርሁና።

ልብሱን አወለቀች፣ በሳሙናና በውኃ አጠበችው። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ጠቧል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ደረቱ እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። መርዙ መሆኑን ወዲያው አውቃለች። ማርከሻው መርፌ፣ አትሮፒን የሚባለው፣ መደርደሪያው ውስጥ አለ። ግድግዳው ላይ ያለው መመሪያ ለነርስ የሚፈቅደውን መጠን ሰጠችው። ትንሽ ቀለል አለው፤ ደረቱ ግን እንደገና ሞላ። ደገመችው። እንደገና ሞላ። ከዚያ በላይ ለመስጠት የሐኪም ወይም የጤና መኮንን ትእዛዝ ያስፈልጋል። አምቡላንስ ከየጁቤ ጠራች። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው እስኪደርስ ብዙ ቆየ። መዝገቡ ላይ የመጨረሻው መስመር «ተጨማሪ ለመስጠት ሥልጣን ስለሌለኝ ወደ ቢቸና ተልኳል» ይላል። ቢቸና ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

መደርደሪያውን ከፈትሁት። የአትሮፒኑ ሣጥን ከግማሽ በላይ አልተነካም።

«ስልክ አልነበረሽም?» አልኋት።

«ኪሴ ውስጥ ነበር።»

«መስመር አልነበረም?»

«ነበረ።» ግድግዳውን አየች። «ሁለት ጊዜ የዶክተር ከድርን ቁጥር አወጣሁት። ወንድሙ ደግሞ ‹ምን ትጠብቂያለሽ እህቴ?› ይለኛል። መልሼ ከተትሁት።»

የተለጠፈው የእኔ ደብዳቤ ነበር። ከዚያ በላይ አልጠየቅኋትም። ወደ ውጭ ወጥቼ ከግቢው ግራር ሥር ቆምሁና ለዶክተር ከድር ደወልሁ። ያን ቀን ተደውሎለት ቢሆን ምን ይል እንደነበር ጠየቅሁት።

«ደረቱ እስኪደርቅ ድረስ በየአምስት ደቂቃው እጥፍ እያደረግሽ ስጪ፣ ሣጥኑ ይለቅ እላት ነበር» አለኝ። «ሌላ ምን እላለሁ? እሷ እኮ የሚነገራትን ለመፈጸም ጎበዝ ናት። ለምን አልደወለችም?»

«እኔ ከልክያት ነው።»

ስልኩ የተዘጋ መስሎኝ «ሀሎ» አልሁ።

«አለሁ» አለ። «ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። የማላየውን በሽተኛ አልፈርድም። ዕድል ግን ነበረው።»

እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ጥፋቴ። ሪፖርቱን ስጽፍ «ባለሙያዋ መመሪያውን ጠብቃ የሠራች በመሆኑ ጥፋት አልተገኘባትም፤ ሞቱ የደረሰው በመርዙ ክብደትና በመንገዱ አስቸጋሪነት ነው» አልሁ። ውሸት አልነበረም። ስለ ደብዳቤው ግን አንድ ቃል አላነሣሁም። ስለ ሣጥኑም አልጻፍሁም። ነፃ አወጣኋት ብዬ ራሴን አታለልሁ፤ ነፃ ያወጣሁት ራሴን ነበር። የልየው ወንድም ቢሮ ድረስ መጥቶ «መድኃኒቱ አለ ሲሉን ነበር፤ ታዲያ ለምን አልተሰጠም?» ብሎ ጠየቀኝ። «በመመሪያው መሠረት ተሰጥቷል» አልሁት። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ጥቂት ቆመና ሄደ።

ሲስተር ይታይሽ ከሁለት ወር በኋላ መልቀቂያ አስገባች። ምክንያቱ ላይ «በግል ጉዳይ» ብላ ነበር የጻፈችው።

ያን ጊዜ ጋሽ አለኸኝ ጡረታ ወጥተው ቢቸና ልጃቸው ቤት ይኖሩ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄጄ ሁሉንም ነገርኋቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ እንደ ድሯቸው፣ «ሌላስ?» አሉኝ።

በሪፖርቱ ውስጥ ያልጻፍሁትን ነገርኋቸው።

«ሞላ፣ እኔ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው» አሉኝ። «ስልኩን ስትከለክላቸው በምትኩ ምን ሰጠሃቸው?»

«ደብዳቤ» አልኋቸው።

«ያ መድኃኒት ቤት የዋሸው ስልክ ስላለ አይደለም፤ ያልጻፈ ስለነበር ነው። ልጂቱ ጽፋለች። ሌባውንና ባለንብረቷን ባንድ ገመድ አሰርህ።»

እንዲያጽናኑኝ ፈልጌ ነበር፤ አላጽናኑኝም። ግን በሳምንቱ ተመልሼ ስሄድ አብረን ቁጭ ብለን ቅጽ አወጣን። አንድ ገጽ ብቻ ነው። የእሳቸው አምስት መስመር፤ ቀጥሎ ሐኪሙ ያዘዘው፤ «ተደግሞ ተነቦ ጸድቋል» የሚል ቦታ፤ ሰዓት፤ አብሮ የሰማ ሌላ ባለሙያ ስም፤ ሐኪሙም በጥቂት ቀን ውስጥ የራሱን ቅጂ ፈርሞ የሚልክበት። አንብቤ ስጨርስላቸው «‹ሌላስ?› የሚል ቦታ የለውም» አሉ። እታች ጨመርሁት።

ረቂቁን ይዤ ደጅ ጥናት ጀመርሁ። ወረዳው ዞን አለኝ፣ ዞኑ ክልል አለኝ። ፋርማሲው ክፍል «ፊርማ ሳላይ መድኃኒት አላወጣም» አለ። ፈቃድ ሰጪው «የሐኪሙ ፈቃድ ለተቀጠረበት ተቋም ነው፤ ሞጣ ተቀምጦ ቆላ ማዘዝ አይችልም» አለ። ሌላው የበሽተኛ ምስጢር በቴሌግራም መዞሩን አነሣ። ሁሉም ያነሡት ነገር ተገቢ ነበር፤ እኔም ከዚያ ቀደም ያነሣሁት ነው። ለእያንዳንዱ መልስ ነበረኝ። ቁጥጥሩን ከውስጥ ስለማውቀው የት ቦታ እንደሚላላ አውቃለሁ።

በመጨረሻ አንድ ስብሰባ ላይ ረቂቁ ቀረበ። የሕግ ባለሙያው፣ ጨዋ ሰው ነበር፣ መነጽሩን አውልቆ «ስሕተት ቢፈጠር ማን ይጠየቃል? ያዘዘው ነው ወይስ የወጋው?» አለ። በቅጹ ላይ ያሉትን የሁለቱን ድርሻ አስረዳሁት። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ ቅንነት የሚነበብባት ሴት፣ ወደኔ ዞራ «አቶ ሞላ፣ አሳመኑኝ ማለት ይቻላል። ግን አዲስ አሠራር ለማስፈቀድ የችግሩን ክብደት ማሳየት አለብን። በእናንተ አካባቢ በስልክ ማዘዝ ስላልተፈቀደ የተጎዳ ሰው አለ? በሰነድ የተያዘ?» አለችኝ።

ልየው ትዝ አለኝ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። ነገር ግን የሱ ሰነድ እኔ የጻፍሁት ነው፤ ሰነዱ ደግሞ መርዝና ጭቃ ገደሉት ይላል። ተነሥቼ «ሪፖርቴ ጎደሎ ነው፤ የከለከልሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አለቃዬ ከጎኔ ተቀምጧል። ልጆቼ ገና ትምህርት ቤት ናቸው።

«በሰነድ የተያዘ የለም» አልሁ።

«እንግዲያው ይጠና» ተባለና ረቂቁ ተዘጋ።

ከሥራ ዘመኔ ሁሉ የምጸጸትባት ሰዓት ያቺ ናት። ደብዳቤውን ስጽፍ ምን እንደሚያመጣ አላወቅሁም ልበል። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን አውቅ ነበር። «ይጠና» የተባለው ነገር ሳይጠና ዓመታት አለፉ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ነርስ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ መልሳ እንደከተተች አላውቅም፤ እንዲህ ያለውን የሚመዘግብ መዝገብ የለም።

ጋሽ አለኸኝ በዚህ መሐል ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ቆሜ የስብሰባውን ነገር እንዳልነገርኋቸው አሰብሁ። ሁለት ጊዜ ጠይቀውኝ «ገና ነው» ብያቸው ነበር።

ከሐዘኑ በኋላ ነው ተጨማሪ ሪፖርት የጻፍሁት። ደብዳቤውን፣ ግማሽ የቀረውን ሣጥን፣ የሲስተር ይታይሽን ቃል፣ ዶክተር ከድር ያለኝን፣ በስብሰባው ላይ የደበቅሁትን ሁሉ አሰፈርሁ። አለቃዬ ተቀይሮ ሌላ መጥቶ ነበር። አንብቦ «የተዘጋ ጉዳይ ለምን ይቀሰቅሳሉ? ጡረታዎም እየደረሰ ነው» አለኝ።

«ስላልተዘጋ ነው» አልሁት።

ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ፤ ፋይሌ ውስጥ አለ። ረቂቁ ግን ከመሳቢያ ወጣ። ለሙከራ ተብሎ በጥቂት ጤና ጣቢያዎች ተፈቀደ፤ ሞጣ ላይ ዶክተር ከድርና ሁለት ባልደረቦቹ በተራ ስልክ እንዲይዙ ተደረገ። የሕግ ባለሙያው «ሌላስ?» የምትለዋን ከቅጹ እንድናወጣት ጠይቆ ነበር፤ ኦፊሴላዊ አይደለችም ብሎ። አላወጣናትም። መስመር ጠፍቶ የከረመባቸው ወራትም ነበሩ፤ ያን ጊዜ ቅጹ እንደተቀመጠ አቧራ ለበሰ። ኋላ መስመሩ ሲመለስ፣ ከላይም ሕክምናን በርቀት መስጠት የሚፈቅድ አሠራር ሲመጣ፣ የእኛው ቅጽ ጥቂት ተሻሽሎ በየቦታው ገባ። ጡረታ ልወጣ ወራት ሲቀሩኝ ያንን የቆላ ጤና ጣቢያ ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። የማላውቃት ነርስ የተሞሉ ቅጾች አሳየችኝ። ከመካከላቸው በመርዝ የተመረዘ ገበሬ ነበረበት። ሣጥኑ ሙሉ ለሙሉ አልቋል፤ ሰውየው በእግሩ ሄዷል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከቅጹ ላይ ዓይኔን ማንሣት አቃተኝ፤ ነርሷ «ስሕተት አለበት እንዴ?» ብላ እስክትደነግጥ ድረስ።

ከሽኝቱ በኋላ በማግሥቱ ሞጣ ሄድሁ። ሲስተር ይታይሽ አስተማሪ አግብታ ሞጣ እንደምትኖር፣ ገበያው አጠገብ የሕፃናት ልብስ ሱቅ እንዳላት ሰምቼ ነበር። ሳገኛት ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ካልሲ ትጠቀልላለች። ጠቆር ብላለች፣ ጥቂት ወፈር ብላለች። ወዲያው አወቀችኝ።

«ሲስተር» አልኋት።

«እንዲያ የሚለኝ ሰው ከጠፋ ቆየ» አለች። በርጩማ ከባንኮኒው ሥር አውጥታ «ይቀመጡ» አለችኝ።

ተቀምጬ በስልክ ማዘዝ መፈቀዱን፣ ቅጹን፣ የዳነውን ገበሬ ነገርኋት። በጥሞና ሰማችኝ። «ጥሩ ነው። ለሚመጡት ጥሩ ነው» አለች።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ።»

«ስለ ደብዳቤው?»

«ስለ ደብዳቤውም፣ ስለ ሪፖርቱም።»

ካልሲውን አስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ደውዬ፣ መድኃኒቱን ሁሉ ሰጥቼው፣ ሰውየውም ድኖ ቢሆን፤ ለቁጥጥር መጥተው መዝገቡን ሲያዩ ምን ያደርጉኝ ነበር?»

ማለሳለስ ፈልጌ ነበር። ለሷ የሚሻል መስሎኝ «ሰው ድኖማ ምን አደርግሽ ነበር» ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ያን ጊዜ የነበርሁትን ሰው አውቀዋለሁ።

«አሳግድሽ ነበር» አልሁ።

«ድኖም?»

«ድኖም።»

ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መንገዱ ስትመለከት ቆየች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ድምፅዋ ግን አልተናወጠም።

«ይኸን ሁሉ ዓመት ፈሪ ሆኜ ነው እያልሁ ነው የኖርሁ» አለች። «ደብዳቤው ለማስፈራራት ብቻ ነው፣ ብደውል ማንም ምንም አይለኝም ነበር፣ ሰውየውን በከንቱ ፍርሃቴ ገደልሁት እያልሁ። ስለዚህ ነው መርፌ መያዝ ያቃተኝ።»

«ከንቱ ፍርሃት አልነበረም» አልኋት።

«አዎ» አለች፣ በሹክሹክታ።

አንዲት እናት ልጅ ታቅፋ ገባችና የክርስትና ልብስ ጠየቀች። ይታይሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። ልጁን ሳታስበው ግንባሩን በእጇ ጀርባ ነክታ ትኩሳቱን አየች፤ ከዚያ ልኩን ለካች። ተነሥቼ ቆምሁ። በርጩማዋን ወደ ቦታዋ መለስሁና ወጣሁ። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም፤ እኔም ዳግም አልጠየቅኋትም።